የአራት ፕሮቶኖች ልዩነት

ሩቴኒየምና ዚርኮኒየም የሚባሉ ሁለት ብረቶች አሉ። ሁለቱም ክብደቱ 96 የሆነ፣ በተፈጥሮ ጥቂት ብቻ የሚገኝ ዝርያ አላቸው። 96 ማለት በአቶሙ አስኳል ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች አንድ ላይ ሲቆጠሩ የሚመጣው ድምር ነው። ድምሩ እኩል ይሁን እንጂ ሩቴኒየም 44 ፕሮቶን ሲኖረው ዚርኮኒየም ያለው 40 ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሎንግ አይላንድ የሚገኘው የብሩክሄቨን ብሔራዊ ላብራቶሪ ባለሙያዎች ሩቴኒየምን ከሩቴኒየም፣ ዚርኮኒየምን ከዚርኮኒየም ጋር የብርሃንን ፍጥነት ሊደርስ ጥቂት በቀረው ፍጥነት ሲያላትሙ ሳምንታት አሳለፉ። ይፈልጉ የነበረው እነዚያ አራት ፕሮቶኖች የሚያመጡትን ልዩነት ነው።

ሙከራው የተወለደው ከጭንቀት ነበር። ከዚያ በፊት ለአሥር ዓመት ያህል መሣሪያዎቹ አንድ ነገር ያሳዩ ነበር። የሚያሳዩት ግን በንድፈ ሐሳብ የተተነበየውን ድንቅ ክስተት ይሁን ወይስ እሱን መስሎ የሚቀርብ ሌላ ተራ ነገር፣ ለይቶ የሚናገር አልተገኘም። ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ይህን ችግር ያውቀዋል፤ እንክርዳድ ቡቃያ ሳለ ስንዴ ነው የሚመስለው። በአስኳሎች ግጭት ውስጥ የሚበቅለው እንክርዳድ ደግሞ አድጎም፣ አፍርቶም ስንዴ ይመስላል። በፊዚክስ ቋንቋ ይህ እንክርዳድ ዳራ ይባላል። የዚህ ፍለጋ ታሪክ በአብዛኛው የዳራው ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስንዴው። ፍለጋው የሚካሄድበት ክስተት ካይራል ማግኔታዊ ክስተት ይባላል። ካይራል የሚለው ቃል እጅ ከሚለው የግሪክ ቃል የተገኘ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ሳይንስ ያስገባው ሎርድ ኬልቪን ነው። ቀኝ እጅና ግራ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ናቸው፤ ሆኖም የቀኝ እግር ጫማ ለግራ እግር አይሆንም። በጣም ጥቃቅን የሆኑት የቁስ አካል ቅንጣቶችም እንዲሁ ቀኝና ግራ አላቸው። የምትሾር እንዝርት ወደፊት ስትወረወር ይታሰብ። የቀኝ እጅ አውራ ጣት እንዝርቷ ወደምትሄድበት ሲቀሰር፣ የታጠፉት ጣቶች ከምትሾርበት አቅጣጫ ጋር ከገጠሙ እንዝርቷ ቀኝ ናት፤ ካልገጠሙ ግራ ናት። በፕሮቶንና በኒውትሮን ውስጥ ያሉት ኳርኮችም ይሾራሉ፤ ቀኝ ወይም ግራም ይሆናሉ።

ተፈጥሮ ለቀኝና ለግራ አታዳላም የሚለው እምነት እስከ 1956 ድረስ የተጠየቀ አልነበረም። በዚያ ዓመት ቻይና ተወላጆቹ ሊ እና ያንግ ይህ በሁሉም ቦታ መረጋገጡን ማን አየ ብለው ጠየቁ። ቺየን ሺዩንግ ው የተባለችው የሙከራ ፊዚክስ ሊቅ ኮባልት 60ን ወደ ፍፁም ቅዝቃዜ አስጠግታ መልሱን አመጣች፦ ደካማው ኃይል የተባለው የተፈጥሮ ኃይል ያዳላል። በ1957 የኖቤል ሽልማቱ ለሁለቱ ወንዶች ሲሰጥ እሷ መታለፏ ዛሬም ድረስ የሚያስቆጭ ነው። ኳርኮችን አንድ ላይ አጣብቆ የሚይዘው ብርቱ ኃይል ግን በአጠቃላይ ሲመዘን ምንም ዓይነት አድልዎ አላሳየም። ጥያቄው፣ በጠቅላላው የማያዳላው ብርቱ ኃይል በትንሽ ሥፍራ፣ ለቅጽበት ያህል ሊያዳላ ይችል ይሆን የሚል ነው።

ያንን ለማየት ኳርኮቹን ከታሰሩበት መፍታት ያስፈልጋል። የብሩክሄቨኑ ግዙፍ ማላተሚያ ሥራ የጀመረው በ2000 ነው። ክብ መሥመሩ 3.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። በውስጡ የወርቅ አስኳሎች ከሁለት አቅጣጫ እየተነዱ ይጋጩ ነበር። በግጭቱ ቦታ የሚፈጠረው ሙቀት 4 ትሪሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንደሚደርስ በ2010 ይፋ ሆኗል፤ ከፀሐይ እምብርት 250 ሺህ ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ነው። በዚህ ሙቀት ፕሮቶንና ኒውትሮን ይቀልጣሉ፤ ኳርኮችና አጣባቂዎቻቸው ግሉኦኖች ተቀላቅለው የሚፈስስ ሾርባ ይሆናሉ። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት በዚህ ሾርባ ውስጥ የብርቱው ኃይል መስክ አልፎ አልፎ እንደ ክር ቋጠሮ ይጠመዘዛል። ቋጠሮው ባለበት ትንሽ ሥፍራ ቀኝና ግራ ኳርኮች ቁጥራቸው እኩል መሆኑ ይቀራል፤ አንዱ ወገን ይበዛል።

ይህ ብቻውን አይታይም። እንዲታይ የሚያደርገው ማግኔት ነው። ሁለት አስኳሎች ልክ ለልክ ሳይሆን ጎን ለጎን ተሳስተው ሲጋጩ፣ ያልተጋጩት ፕሮቶኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያልፉ እንደ ኤሌክትሪክ ጅረት ይሆናሉ፤ ጅረት ባለበት ደግሞ መግነጢሳዊ መስክ አለ። የዚህ መስክ ጉልበት 100 ትሪሊዮን ቴስላ ገደማ እንደሚደርስ ተሰልቷል። በሐኪም ቤት ያለው የኤም አር አይ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። ጉልበቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ዕድሜው እጅግ አጭር ነው፤ በባዶ ቦታ ቢሆን ብርሃን የአንዱን አስኳል ወርድ እንኳ አቋርጦ ሳይጨርስ መስኩ ይከስማል።

በዚያ ቅጽበት ውስጥ የኳርኮቹ ሹረት በመስኩ ይሰለፋል። ቀኝ ኳርኮች በዝተው ከተገኙ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው በመስኩ አቅጣጫ፣ ኔጌቲቮቹ በተቃራኒው ይጓዛሉ። ሾርባው ከላይ በአንድ ቻርጅ፣ ከታች በሌላው ያጋድላል። ዲሚትሪ ካርዚቭ ሐሳቡን በ2004 አቀረበ፤ በ2008 ደግሞ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አፍታታው፣ ስሙንም ሰጡት። ትንቢቱ ከተረጋገጠ ትርጉሙ ከአንድ ላብራቶሪ ግድግዳ ያልፋል። በዓለም መጀመሪያ ላይ ከቁስ አካል ጋር እኩል የተፈጠረው ተቃራኒው ቁስ የት ሄደ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክሩ ሐሳቦች የዚህን ዓይነት ቋጠሮ በሌላ የተፈጥሮ ኃይል ውስጥ ይጠቀማሉ። ቋጠሮውን በላብራቶሪ ማየት ቢቻል በመላ ምት የቆየው ነገር በእጅ ተያዘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት ይመጣል፤ የኋለኛው ችግር ሁሉ ሥር ይኸው ነው። በአንዱ ግጭት ቀኞቹ ይበዛሉ፣ በሚቀጥለው ግራዎቹ። ስለዚህ ፖዘቲቩ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይሄዳል። የሚሊዮን ግጭቶች አማካይ ሲወሰድ ውጤቱ ዜሮ ነው። የትኛው ወዴት ሄደ ብሎ መቁጠር ዋጋ የለውም፤ የሚቻለው ቅንጣቶቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው አብረው ይሄዳሉ ወይ፣ ተቃራኒዎቹስ ይለያያሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ሰርጌ ቮሎሺን በ2004 ለዚህ የሚሆን መለኪያ አወጣ። ከእያንዳንዱ ግጭት ሁለት ቅንጣቶች ይወሰዳሉ፤ እያንዳንዳቸው የሄዱበት ማዕዘን ይለካል፤ ሁለቱ ማዕዘኖች ይደመራሉ፤ የድምሩ ኮሳይን ይወሰዳል።

የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚያስታውስ ሰው መለኪያውን በወረቀት ላይ ሊሞክረው ይችላል። ሁለቱ አስኳሎች ጎን ለጎን የተዛነፉበት አግድም መሥመር ዜሮ ዲግሪ ይሁን። መግነጢሳዊ መስኩ ያኔ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ክስተቱ እውነት ከሆነ አንድ ፖዘቲቭ ወደ ላይ፣ 90 ዲግሪ ላይ ይሄዳል፤ አንድ ኔጌቲቭ ወደ ታች፣ ማለትም በነጌቲቭ 90 ላይ። ድምሩ ዜሮ ነው፤ የዜሮ ኮሳይን 1። ሁለት ፖዘቲቮች አብረው ወደ ላይ ከሄዱ ድምሩ 180 ይሆናል፤ ኮሳይኑ ነጌቲቭ 1። ተቃራኒ ጥንዶች ከዜሮ በላይ፣ ተመሳሳይ ጥንዶች ከዜሮ በታች ከታዩ የተፈለገው ተገኘ ማለት ነው።

ታየም። በብሩክሄቨን ከሚሠሩት የምርምር ቡድኖች አንዱ የሆነው ስታር፣ የወርቅ ግጭቶችን ለክቶ ውጤቱን በ2009 መጨረሻ አሳተመ፤ በሁለቱ የጥንድ ዓይነቶች መካከል ጥርት ያለ ልዩነት ነበር። ልዩነቱ ከአሥር ሺህ ጥቂት እጅ ቢሆንም በመለኪያ ስህተት የሚሳበብ አልነበረም። ዜናው በ2010 መጀመሪያ በዋሽንግተን በተካሄደ የፊዚክስ ጉባኤ ላይ ሲነገር የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ግን የቡድኑን ጥንቃቄ ከርዕሱ ጀምሮ ያያል። ርዕሱ ስለ ቅንጣቶች የማዕዘን ዝምድናና «ሊኖር ስለሚችል» መዛባት እንጂ ስለተገኘ መዛባት አይናገርም። ያቺ አንዲት ቃል የቀጣዮቹን ዓመታት ሥራ በሙሉ የተሸከመች ናት።

አሁን ወደ እንክርዳዱ። ሁለት እንጀራ በመሶብ ላይ ሲነጠፍ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ወደ ጎን ሸሸት ብሎ ቢያርፍ፣ የተደራረቡበት ቦታ የዓይን ቅርፅ ይይዛል፤ ከላይ ወደ ታች ረዘም፣ ወደ ጎን ጠበብ ያለ። የሁለት አስኳሎች ግጭትም ልክ እንደዚሁ ነው። ሾርባው የሚፈጠረው በዓይኑ ውስጥ ነው። በጠባቡ በኩል ያለው ግፊት ስለሚበረታ ቅንጣቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚወጡት ይልቅ ወደ ጎንና ጎን የሚወጡት ይበዛሉ። ይህ ኢሊፕሳዊ ፍሰት ይባላል፤ ሾርባው እንደ ፈሳሽ መንቀሳቀሱን ካስረዱት ማስረጃዎች ዋነኛው ነው። በራሱ የታወቀ፣ በደንብ የተለካ፣ ማንንም የማያሳስት ነገር ነበር።

ሾርባው ሲበርድ ከሚወጡት ቅንጣቶች መካከል ደግሞ ዕድሜያቸው አጭር የሆኑ አሉ። ሮ የሚባለው ቅንጣት አንዱ ነው። ወዲያው ይበተንና ፓዮን የሚባሉ አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጌቲቭ ቅንጣቶች ይሆናል። ልጆቹ እናታቸው ትሄድ በነበረበት አቅጣጫ ተቀራርበው ይጓዛሉ። ከዚህ ሰፋ ያለ ሕግም አለ፦ ቻርጅ ከምንም አይፈጠርም፤ በአንድ ቦታ ፖዘቲቭ ከተፈጠረ እዚያው አጠገቡ ኔጌቲቭ ይፈጠራል፤ ሁለቱንም አንዱ ፍሰት ይዟቸው ይሄዳል።

ወረቀቱ ይመለስ። የሮ ልጆች፣ ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም፣ አብረው ወደ ጎን በዜሮ ዲግሪ ሄዱ እንበል። ዜሮና ዜሮ ዜሮ ነው፤ ኮሳይኑ 1። አብረው ወደ ላይ ቢሄዱ 90 እና 90 ተደምሮ 180፤ ኮሳይኑ ነጌቲቭ 1። ሮዎች ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢሄዱ ሁለቱ ይጣፉ ነበር። ነገር ግን ኢሊፕሳዊ ፍሰት አለ፤ ወደ ጎን የሚሄዱት ይበዛሉ። ስለዚህ አይጣፉም፤ የሚተርፈው በፖዘቲቭ ወገን ነው። ከላይና ከታች ተለያይተው የሄዱት ጥንዶች የሰጡት ቁጥር 1 ነበር፤ ወደ ጎን ተቃቅፈው የሄዱት የሚሰጡት ቁጥርም 1 ነው። መለኪያው ሁለቱን ይለይ ዘንድ የሚያስችለው አንዳች ነገር የለውም። በጣም የተራራቁትና በጣም የተቀራረቡት በአንድ ቁጥር ይጻፋሉ።

ይህን በ2010 ከአንድ በላይ ተመራማሪዎች በየራሳቸው መንገድ ደረሱበት። ፉቺያንግ ዋንግ ቅንጣቶች ተሰባስበው መውጣታቸው ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል አሳየ። አዳም ብዝዳክ፣ ፎልከር ኮክና ጂንፌንግ ሊያው የስታርን ቁጥሮች ዘርዝረው ሲያዩ የተመሳሳይ ቻርጅ ጥንዶች ዝምድና በአብዛኛው ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን መሆኑን ጠቆሙ። ሶረን ሽሊክቲንግና ስኮት ፕራት ደግሞ የቻርጅ ጥበቃ ሕግና ኢሊፕሳዊ ፍሰት ሲጣመሩ የተለካውን አብዛኛውን ክፍል ሊያመጡ እንደሚችሉ በስሌት አሳዩ። ሦስቱም ሥራዎች ክስተቱ የለም አላሉም። ያሉት፣ የተለካው ቁጥር ብቻውን ምስክር መሆን አይችልም ነው።

ከዚያ በኋላ በጄኔቫ አቅራቢያ ካለው የሰርን ላብራቶሪ የመጣው ዜና ጥርጣሬውን አጠናከረ። አሊስ የተባለው ቡድን የእርሳስ አስኳሎችን እጅግ በላቀ ጉልበት አላትሞ በ2013 ያሳተመው ልዩነት ከብሩክሄቨኑ ብዙም አልራቀም። በዚያ ጉልበት መስኩ የበለጠ የበረታ፣ ግን የበለጠ ቶሎ የሚጠፋ ስለሆነ ውጤቱ መመሳሰሉ ራሱ ያስገርም ነበር። ትልቁ ድንጋጤ የመጣው በ2017 ነው። ሲኤምኤስ የተባለው ሌላው የሰርን ቡድን አንድ ፕሮቶን ብቻ ከእርሳስ አስኳል ጋር የሚጋጭበትን ለካ። በእንዲህ ያለው ግጭት የመግነጢሳዊ መስኩ አቅጣጫና ቅንጣቶቹ የሚፈስሱበት አቅጣጫ ዝምድና የላቸውም፤ ስለዚህ ክስተቱ ቢኖርም መለኪያው ላይ ሊታይ አይገባም። ዳራው ግን ይታያል። የተገኘው ቁጥር ተመሳሳይ ያህል ቅንጣቶች በሚወጡባቸው የእርሳስና የእርሳስ ግጭቶች ከተገኘው ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነበር።

ስንዴ ባልተዘራበት ማሳ ላይ ያው ቡቃያ በቀለ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ዳራ አለ ወይ የሚል መሆኑ ቀረ፤ ሁሉም ነገር ዳራ ካልሆነ ምን ያህሉ ነው የተረፈው ወደሚል ዞረ። ለዚህ የተፈለሰፉት ዘዴዎች ለብቻቸው መጽሐፍ ይወጣቸዋል። አንዱ ፍሰቱ ደካማ የሆነባቸውን ግጭቶች መርጦ፣ ፍሰቱ ዜሮ ቢሆን ምን ይቀር ነበር ብሎ መገመት ነው። ሲኤምኤስ በ2018 በዚህ መንገድ ሄዶ ከፍሰት ጋር የማይያያዘው ክፍል በእርሳስ ግጭቶች ከ7 በመቶ እንደማይበልጥ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ተናገረ። ሌላው ዘዴ የጥንዶቹን ክብደት ማየት ነው። የሮ ልጆች ክብደታቸው ተመልሶ ሲሰላ የእናታቸውን ክብደት ስለሚሰጡ ከጥንዶቹ መካከል እነሱ የበዙበትን ክፍል መለየት ይቻላል። እያንዳንዱ ዘዴ ግን የራሱ ግምት አለው፤ አንዱ የሚያምነውን ሌላው ይጠራጠራል።

ስለዚህ ዳራው እኩል ሆኖ መግነጢሱ ብቻ የሚለያይበት ሙከራ ያስፈልግ ነበር። ቮሎሺን ሐሳቡን ያነሳው ገና በ2010 ነው፦ መጠናቸው እኩል፣ ቻርጃቸው የተለያየ ሁለት አስኳሎች ይወሰዱ። ሩቴኒየም 96 እና ዚርኮኒየም 96 የተመረጡት በዚህ ነው። በቅንጣት ብዛት እኩል ስለሆኑ ሾርባቸውም ፍሰታቸውም፣ ስለዚህም ዳራቸው፣ አንድ ዓይነት ይሆናል ተባለ። ሩቴኒየም በአራት ፕሮቶን ስለሚበልጥ የመስኩ ጉልበት በ10 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ምልክቱ የሚያድገው በመስኩ ስኩዌር ስለሆነ የምልክቱ ልዩነት ከዚያም ይሰፋል። የሩቴኒየሙ ቁጥር ለዚርኮኒየሙ ሲካፈል ከ1 በላይ ከመጣ አራቱ ፕሮቶኖች መሰከሩ ማለት ነው።

ብረቶቹን ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። በተፈጥሮ ከሚገኘው ሩቴኒየም ውስጥ 96 የሚመዝነው 5.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ከዚርኮኒየም ደግሞ 2.8 በመቶ። ሩቴኒየሙ በአሜሪካው የኦክ ሪጅ ላብራቶሪ ተለይቶ እንዲበለጽግ ተደረገ፤ ዚርኮኒየሙን ለማዘጋጀት የጃፓኑ ሪከን ተቋም አገዘ። ማላተሚያው በአንዱ ብረት ሲሠራ ቆይቶ ወዲያው ወደ ሌላው ይዞር ነበር። አንዱን ወር ሩቴኒየም፣ ሌላውን ወር ዚርኮኒየም ቢባል ኖሮ መሣሪያው በመካከል የሚያሳየው ትንሽ ለውጥ እንደ ልዩነት ይቆጠር ነበርና። በመጨረሻ ከየዓይነቱ ሁለት ቢሊዮን ገደማ ግጭቶች ተመዘገቡ።

ቀጥሎ የተደረገው ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስከብረው ነው። ለዓመታት አንድን ነገር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ያንኑ ነገር በቁጥሮች መካከል ማየቱ አይቀርም። ባለሙያዎቹ ይህን ስለራሳቸው ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መረጃውን የሚጠብቅ ኮሚቴ ተቋቋመ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የተሰጣቸው ሩቴኒየምና ዚርኮኒየም የተደባለቁበት መረጃ ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም። አምስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የስሌት ፕሮግራማቸውን ጻፉ። ምን ቢገኝ ክስተቱ ታየ እንደሚባል አስቀድሞ በጽሑፍ ተወሰነ። ፕሮግራሞቹ ከታሰሩና መነካካት ከተከለከለ በኋላ ብቻ መረጃው ተገለጠ። የወጣው ሁሉ እንደወጣ ይታተማል ተባለ። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የዓመታት ልፋት ያለው ሰው እንዲህ ለመታሰር መስማማቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ውጤቱ በኦገስት 2021 ይፋ ሆነ። የመለኪያው ጥራት እስከ 0.4 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ተሰምቶ የማይታወቅ ጥራት ነው። ከ1 በላይ ይሆናል የተባለው ጥምርታ ግን ከ1 በታች ሆኖ ተገኘ። አስቀድመው ከጻፏቸው መመዘኛዎች አንዱንም አላሟላም።

ከ1 በታች መሆኑ ሁሉንም አስቆመ። ክስተቱ ባይኖር እንኳ ጥምርታው 1 መሆን ነበረበት። መልሱ የተገኘው ከራሱ ከመረጃው ውስጥ ነው። ሩቴኒየም ሲጋጭ ከዚርኮኒየም በ4 በመቶ ገደማ የሚበልጡ ቅንጣቶችን ያወጣል። ቅንጣት ሲበዛ አንድ ፓዮን ከወንድሙ ጋር የመጣመር ዕድሉ በባዕዳን መካከል ይሟሟል፤ ዳራው ይቀንሳል። እኩል ነው የተባለው ዳራ እኩል አልነበረም። ምክንያቱ የአስኳሎቹ መልክ ነው። ዚርኮኒየም 56 ኒውትሮን፣ ሩቴኒየም 52 ስላላቸው ዚርኮኒየም በውጪው በኩል የኒውትሮን ቆዳው ወፈር ይላል። ሩቴኒየም ደግሞ ከክብነት ወደ ሞላላነት የበለጠ ያዘነብላል። ለፕሮቶኖቹ ሲባል የተመረጡት አስኳሎች በኒውትሮኖቻቸው ተለያዩ።

ይህ ልዩነት ይኖራል ብለው ሙከራው ከመጠናቀቁ በፊት በስሌት ያስጠነቀቁ ነበሩ። ሆኖም ልዩነቱን በዚህ ጥራት የሚያውቅ ማንም አልነበረም፤ ወደ መጨረሻው ዳኝነት የሚገባው ግምት ደግሞ በዚያ ጥራት ላይ የተመሠረተ ነው። ስታር ከዚያ ወዲያ ዳራው በእያንዳንዱ ብረት ምን ያህል እንደሚሆን እንደገና በጥንቃቄ ሠርቶ፣ በሁለቱ ብረቶች ግጭት በጥንድ ዓይነቶቹ መካከል ከሚታየው ልዩነት የእውነተኛው ክስተት ድርሻ ከ10 በመቶ ገደማ እንደማይበልጥ በ95 በመቶ እርግጠኝነት አስቀመጠ። ዜሮ ነው አላለም። አሥር በመቶም አለ አላለም።

በዚህ መካከል እንክርዳዱ ራሱ ጥቅም አወጣ። የአስኳሎች ቅርፅ በግጭቱ ውስጥ ይህን ያህል ጎልቶ ከታየ ግጭቱን ቅርፅ ለማንበብ መጠቀም ይቻላል ማለት ነው። የሩቴኒየምና የዚርኮኒየም መረጃ በርካታ ተመራማሪዎችን ወደዚህ ሥራ ሳበ። ስታርም በ2024 በኔቸር መጽሔት ባወጣው ሥራ የዩራኒየምን አስኳል ሞላላነት ከግጭቱ ፍንጣሪ ለካ። ዕድሜ ልኩን ሳይጋጭ፣ ተረጋግቶ ሲጠና የኖረው የአስኳል ቅርፅ ፎቶው በፍንዳታ ውስጥ ተነሣ።

የተፈለገው ክስተት ሌላ ቦታ መገኘቱም መዘንጋት የለበትም። በዚያው በብሩክሄቨን ካርዚቭ፣ ቺያንግ ሊ እና ባልደረቦቻቸው ከዚርኮኒየምና ከቴሉሪየም የተሠራ ክሪስታል ወስደው መግነጢሳዊና ኤሌክትሪካዊ መስክን በአንድ አቅጣጫ አሰለፉበት። መግነጢሱ ሲበረታ የክሪስታሉ ተቃውሞ ቀነሰ፤ ኤሌክትሮኖቹ በንድፈ ሐሳቡ እንደተባለው ቀኝና ግራ ተለይተው ፈሰሱ። ሥራው በ2016 ታተመ። እዚህ ግን ቀኝና ግራን ያበላለጡት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በመሣሪያ ነው። በአስኳሎች ግጭት ውስጥ የሚፈለገው ብርቱው ኃይል በራሱ ቋጠሮ የሚያበላልጠው ነው፤ የክሪስታሉ ስኬት ያንን አይተካም።

ስለዚህ ዓይን ወደ ወርቅ ተመለሰ። የወርቅ አስኳል 79 ፕሮቶን አለው፤ መስኩም የበለጠ ይበረታል። አሁን ተስፋ የተጣለበት ዘዴ ሁለት ዓይነት አስኳል አይፈልግም፤ በአንዱ ግጭት ውስጥ ሁለት አቅጣጫዎችን ያመሳክራል። ፍሰቱ የሚከተለው የተጋጩት ቅንጣቶች የሠሩትን የዓይን ቅርፅ ነው። መግነጢሳዊ መስኩን በአብዛኛው የሚወስኑት ግን ሳይጋጩ ያለፉት ናቸው። ሁለቱ አቅጣጫዎች ይቀራረባሉ፤ ፈጽሞ አንድ ግን አይደሉም። ዳራ ከሆነ ከመጀመሪያው አቅጣጫ አንጻር ይጎላል፤ እውነተኛው ክስተት ከሆነ ከሁለተኛው። ስታር በዚህ ዘዴ የወርቅ ግጭቶችን መርምሮ ያገኘውን በ2022 ሲያሳትም፣ ጫፍ ለጫፍ በተነካኩት ግጭቶች ምልክቱ ከዜሮ አልተለየም። በመካከለኛዎቹ ግን ፍንጭ ታየ፤ እንደ አመራረጡ የእርግጠኝነት ደረጃው በአንድና በሦስት ሲግማ መካከል ነው። በፊዚክስ ተገኘ ለማለት አምስት ያስፈልጋል።

ፍንጩ ላይም እንክርዳድ ሊኖር ይችላል፤ ጥንዶች ከፍሰት ውጭ በሌላ መንገድ ተያይዘው ወጥተው አቅጣጫውን ራሱን ሊያዛቡት ይችላሉና። በተለያዩ ቡድኖች ስሌት የዚህ ዓይነቱ መዛባት መጠን እየተመረመረ ነው። ከ2018 በኋላ የተመዘገበው የወርቅ መረጃም ለዚሁ ይውላል። ሁለተኛውን አቅጣጫ የሚናገሩት ከግጭቱ ሳይነኩ ያለፉት ኒውትሮኖች ናቸው። ቻርጅ ስለሌላቸው የማላተሚያው ማግኔት አያጥፋቸውም፤ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ከግጭቱ ቦታ በሁለቱም በኩል 18 ሜትር ርቀት ላይ የተተከሉ ትናንሽ መሣሪያዎች ይጠብቋቸው ነበር፤ ከተጋጩት ተነጥለው ወደየት ገፋ እንዳሉ ይመዘግቡ ነበር።